ቅጠሉን ማን ጣለው?

ባለፈው ግንቦት የልጅ ልጄ ሲፈን የምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠራ። እናቷ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነባት፣ “አባ፣ አንተ ሂድልኝ፤ ዝም ብለህ ሰምተህ ና” አለችኝ። ዝም ብዬ ሰምቼ መምጣት እንደማልችል እያወቀች ነው የላከችኝ። ቤታችን ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም። ጃንጥላዬን ይዤ ጭቃውን እየመረጥኩ ሄድኩ።

ዲሬክተሯ ወጣት ናት። ኦሮምኛና አማርኛ እያፈራረቀች ስታስረዳ ቆየችና ግድግዳ ላይ ወደተቸነከረች ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳጥን ወሰደችን። ሳጥኗ ቁልፍ አላት፣ አናቷ ላይ ወረቀት የሚያስገባ ቀዳዳ አላት። ተማሪ የሚያሰጋ ነገር ካየ ስሙን ሳይጽፍ ጽፎ ይከታል አለችን። የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሁን፣ በር ላይ ቆመው ትንንሾቹን የሚያስፈራሩ ጎረምሶች ይሁኑ፣ ልጅ አጭቆ የሚጭን ባጃጅ ይሁን፣ የማይሆን ነገር የሚያደርግ አስተማሪም ቢሆን። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት መቀርቀሪያ የተበጀው በዚያች ሳጥን ምክንያት ነው አለች።

ፊት የተቀመጠው ኦቦ ታደሰ የሚባል ቡና ነጋዴ ተነሳ። መኪኖች አሉት፣ ድምፅም አለው።

“ስም የሌለው ወረቀት አሉባልታ ነው” አለ። “ነገ ልጄን የጠላ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ሊጽፍ ነው? ይጻፍ፣ ግን ስሙን ይጻፍ! ወንድ ከሆነ ስሙን ይጻፍ!”

“ሴት ከሆነችስ?” አለች ከኋላ አንዲት እናት።

ቤቱ ሳቀ። ግን ያጨበጨበው የሚበዛው ለኦቦ ታደሰ ነው። ዲሬክተሯ ነገሩ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይደር፣ ተማሪ ስሙን ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለውን ያን ጊዜ እንወስናለን ብላ በተነችን።

ማታ ሲፈን ማንጎ እየላጠች፣ “አካኮ፣ ምን ተናገርክ?” አለችኝ። አያቷን እንዲህ ነው የምትጠራው።

“ምንም አልተናገርኩም።”

“አንተ?”

“አዎ፣ እኔ። ስም ይጻፍ ቢባል ምን ትላላችሁ እናንተ?”

“ማንም አይጽፍማ” አለችና ማንጎዋን ገመጠች። እሷ ጽፋ ታውቅ እንደሆነ ብጠይቃት አፏን ጠርጋ፣ “አልነግርህም” አለችኝ። እኔም አልደገምኩም። እንቅልፍ እስኪወስደኝ ግን ሳስብ የነበረው ስለ አንድ የድሮ የክፍል ምሰሶ ነው።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ይህን ስጽፍም እጄ ይከብደኛል፤ ፊደል ስስት ሲፈን ታርመዋለች። ነገሩን ግን እሷ አልነበረችበትም፣ እኔ ነበርኩ።

ከነቀምቴ ወደ ጊዳ አያና በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች። ስሟን ተዉት። አባቴ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ የመጣ ገበሬ ነው፤ እናቴ የዚያው አገር ኦሮሞ ናት። ቤታችን ከከተማው ሩቅ ስለነበረ ገመቹ ከሚባል ጓደኛዬ ጋር አንዲት ክፍል ተጋርተን እንማር ነበር። ጎረምሶች ነን፤ ያን ጊዜ ጢም አብቅሎ ስድስተኛ ክፍል መቀመጥ ነውር አልነበረም። ከቤት ያመጣነው የበቆሎ ቂጣ ሲያልቅ ጎመን እንቀቅላለን። ግንቦት ሲገባ ደግሞ ማንጎ በየደጁ ይፈስሳል፤ ምሳችንም እራታችንም ማንጎ ይሆናል። አፋችን ዙሪያውን ቢጫ ሆኖ ነበር ክፍል የምንገባው።

ክፍላችን ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ያን ሁሉ ቆርቆሮ የተሸከመው መሀል ላይ የቆመ አንድ ወፍራም ምሰሶ ነበር። ዲሬክተራችን አቶ ክፍሌ ይባላል፣ የሸዋ ሰው ነው። ጎብኚ ሊመጣ ነው በተባለ ጊዜ ያን ምሰሶ በገዛ እጁ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ቀብቶት ነበር። እውነቴን ነው፣ በከተማው ውስጥ ከዚያ ምሰሶ ያማረ ነገር አልነበረም። አቶ ክፍሌ ሲያስተምር እንኳን እሱን ደገፍ ብሎ ነበር።

የወለጋን ምስጥ ያላየ ሰው ምስጥ አየሁ አይበል። ከውጭ አይጀምርም። የእንጨቱን ቆዳ ትቶ ሆዱን ነው የሚበላው። በዚያ ዓመት ከላይ ከወራጆቹ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ደብተራችን ላይ ይወርድ ጀመር። እፍ እያልን እንጽፋለን። ከሰዓት በኋላ የግንቦት ነፋስ ዝናቡን ቀድሞ ሲመጣ ምሰሶው ይንቋቋል። አንድ ቀን ገመቹ አስተማሪው ፊቱን ሲያዞር ምሰሶውን ከሥሩ በብዕሩ ወጋ አደረገው። ብዕሩ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ገመቹ ቶሎ አውጥቶ ቀዳዳውን በማንጎ ልጣጭ ደፈነና፣

“ሆዱ ባዶ ነው” አለኝ በጆሮዬ። “እንደኛ።”

በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር። ግን ማንም ለአቶ ክፍሌ አልነገረም። ለምን ብትሉ፣ በትምህርት ቤታችን ደንብ ጉድለት ያየ ሰው ራሱ ያሠራው ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ የመጸዳጃ ቤቱ ወለል ይነቃነቃል ብሎ ለክፍል አለቃችን ተናገረ። አለቃው ለአስተማሪው፣ አስተማሪው ለዲሬክተሩ ነገረ። “ማን አየ?” ተባለ። “እሱ።” “እንግዲያ አባቱ እንጨት ያምጣ፣ እሱ ይሸከም።” ልጁ ከትምህርት ቀርቶ ግንድ ሲጎትት ሰነበተ፤ አባቱም ከዚያ በኋላ ሲያየው ይመታዋል። ይህ እንግዲህ ወለል ነው። ጣሪያውን የተሸከመ ምሰሶ ተበልቷል ያለ ልጅ ቤቱን በሙሉ ሊያሠሩት አይደል? የኔ አባት ደግሞ ለትምህርት የሚያወጣልኝ የመጨረሻው ዓመት ይህ ነው ብሎኝ ነበር። ሰኔ ላይ የስድስተኛ ክፍልን ፈተና ካለፍኩ ነቀምቴ ሰባተኛ እገባለሁ፣ ካላለፍኩ ወደ እርሻ። ስለዚህ እኔም እንደ ሌላው ደብተሬን እፍ እያልኩ ዝም አልኩ።

አሁን ስለ ቅጠሉ ልንገራችሁ። በእኛ መንገድ መኪና ጠመዝማዛ ላይ ሲበላሽ ሹፌሩ ወርዶ ቅጠል ይቆርጥና ከፊትም ከኋላም ራቅ አድርጎ መንገዱ ላይ ይጥላል። የሚመጣው ሹፌር ቅጠሉን ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ገጠርም እንዲሁ ነው። በወንዝ ላይ የተጋደመው ግንድ ከበሰበሰ መጀመሪያ ያየው ሰው ከወዲህና ከወዲያ ቅጠል ጥሎ መንገዱን ይቀጥላል። ስሙን ማንም አይጠይቅም። ይህን የማያውቅ ልጅ በክፍላችን አልነበረም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስንመጣ በክፍላችን ደፍ ላይ የብሳና ቅርንጫፍ ተጋድሟል። ብሳና ኦሮሞው በከኒሳ የሚለው ዛፍ ነው፤ የአሁኑ ሰፈሬ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው ይላሉ። ቅጠሉ ገና ትኩስ ነው፣ ነጩ ሆዱ ወደ ላይ ተገልብጧል። በኋላ በኩል ባለው በርም እንዲሁ አንድ ተጥሏል። ልክ እንደ ሹፌሮቹ። ሁላችንም ቆምን። ማንም ግቡም አትግቡም አላለንም፤ እግራችን ራሱ ቆመ።

ደወሉ ተመታ። አቶ ክፍሌ መጣ። “ምን ያስቆማችኋል?” ብሎ ሊቆጣ አፉን ከከፈተ በኋላ ቅጠሉን አየ። ፊቱ ዓመድ መሰለ። ምስኪን፣ ከፋሲካ ወዲህ ሆዱን እየታመመ ከስቶ ነበር፤ ነቀምቴ ድረስ ሄዶ ታክሞም አልተሻለውም። በቤት ቦታም ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ ነበር። በእሱ አገር በደፍ ላይ የማይታወቅ ነገር ተጥሎ ከተገኘ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው።

“መተት ነው” አለ ቀስ ብሎ። “እንዳትነኩት! ማንም እንዳይራመደው!”

ቄስ ተጠሩ። ጠበል ይዘው መጡ፣ ደፉን ረጩ፣ ገብተው ግድግዳውን ረጩ፣ ምሰሶውንም ደህና አድርገው ረጩት። ዘበኛው ኦቦ ፉፋ ቅርንጫፎቹን በረጅም እንጨት እየጎተተ ወስዶ አቃጠለ። ኦቦ ፉፋ የዚያው አገር ሰው ነው፤ ቅጠሉ ምን እንደሚል አሳምሮ ያውቃል። የሚኖረው ግን በትምህርት ቤቱ ግቢ ነው፤ ዲሬክተሩን ካስቀየመ ቤቱን ያጣል፣ ስለዚህ እሱም እንደኛ ዝም አለ።

ገመቹ ጴንጤ ነበር። ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ “ምስጡ ተጠመቀ” አለኝ።

ሳቄን ለመዋጥ አፌን በክንዴ ያዝኩ። ከዚያ ግቡ ተባልን፣ ገባን። ዱቄቱም እንደ ልማዱ ወረደ።

ማክሰኞ ጠዋት ቅርንጫፎቹ ተመልሰው በቦታቸው ነበሩ። ይኸኔ አቶ ክፍሌ ከፍርሃት ወደ ቁጣ ተሻገረ። አሰለፈን።

“ይህ የውጭ ሰው ሥራ አይደለም። ከመሀላችሁ የጠንቋይ መልእክተኛ አለ። ማን ጣለው?”

ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሰ።

“ካልተናገራችሁ ይህ ክፍል በሙሉ ለፈተና አይቀመጥም!”

ከኋላዬ የነበረች ልጅ ማልቀስ ጀመረች። እኔ መሬት መሬት እያየሁ እንዲህ አሰብኩ፦ የጣለው ልጅ ብልህ ነው፣ ግን መልእክቱ የደረሰው ሰው ቋንቋውን አያውቀውም። አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል። የሚነግረው ሰው ደግሞ ጣይ ነው መባሉ አይቀርም። እንግዲህ ሲተርኩት ሰዎች ጀግንነት ያደርጉታል፤ አይደለም። እኔን ያናደደኝ የጠንቋይ መልእክተኛ መባሉ ነው። እናቴ ግትር ወልጃለሁ የምትለው በከንቱ አልነበረም። አንድ እርምጃ ወጣሁ።

“ጋሼ፣ መተት አይደለም።”

“አሃ! አንተ ነህ!”

“እኔ አይደለሁም።”

“እንግዲያ መተት አለመሆኑን እንዴት አወቅህ?”

“ቅጠሉ አትግቡ ነው የሚለው። ምሰሶውን ምስጥ ጨርሶታል። በብዕርዎ ወግተው ይዩት።”

አቶ ክፍሌ ወደ ክፍሉ እንኳን አልዞረም። ያን ምሰሶ ቀብቶ ጎብኚዎች አመስግነውታል። “በእጄ የቀባሁትን ምሰሶ!” አለ። “ማን ጣለው? ስሙን ተናገር፣ አለዚያ አንተው ነህ።”

“አላውቀውም። ባውቀውም አልናገርም።”

እዚህ ላይ ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ባልጨምር ኖሮ ይሻለኝ ነበር። “ውጣ! አባትህን ሳትይዝ እንዳትመለስ!” ተባልኩ። የቀሩት ገቡ። ገመቹ ደፉን ሲያልፍ ዞሮ አየኝ።

ወደ አባቴ ልሄድ አልቻልኩም። ገመቹና ሌሎቹ ከዚያ ምሰሶ ሥር ተቀምጠው እኔ ወዴት ልሂድ? ከአስተማሪዎቹ ቢሮ ጣሪያ ሥር ተጠለልኩ። ከምሳ በኋላ ነፋሱ መጣ፣ ከዚያ ዝናቡ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ሌላ ድምፅ አይሰማም። በመስኮቱ የተማሪዎቹ ጭንቅላት ብቻ ይታየኛል። አምላክን በአባቴም በእናቴም ቋንቋ ለመንኩ፤ በየትኛው እንደሰማኝ አላውቅም። ጣሪያው ሳይወድቅ ዋለ። ደወል ተመታ፣ ልጆቹም በዝናብ እየጮሁ ወደየቤታቸው ሮጡ።

ደብተሬ ክፍል ውስጥ ቀርቶ ነበር። ልወስደው ብዬ በሩ ላይ ስደርስ አቶ ክፍሌ ብቻውን ከምሰሶው አጠገብ ቆሟል። ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ምሰሶው ገፋ። ገባ። ብዕሩን ሙሉ ለሙሉ ዋጠው። በጣቱ ሊያወጣው ሲሞክር ያ ያማረ አረንጓዴ ቀለም እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰበረና ከውስጡ አቧራና ምስጥ ተዘረገፈ። አቶ ክፍሌ እጁን ኮቱ ላይ ጠረገ። ሲዞር አየኝ።

ዝናቡ ይጮሃል።

“ደብተርህን ውሰድ” አለኝ።

“እርስዎ ያቀብሉኝ። እኔ አልገባም።”

ይመታኛል ብዬ ነበር። ወደ ወንበሬ ሄዶ ደብተሬን አነሳ፣ በላዩ የወረደውን ዱቄት በእጁ አራገፈ፣ አምጥቶ ሰጠኝ።

በማግስቱ ጠዋት ተማሪውን አሰለፈ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ እሰማለሁ። “ይህ ክፍል ክፉ ነገር ስለተደረገበት” አለ፣ “እስከ ፈተና ድረስ የምትማሩት ዋርካው ሥር ነው። ክፍሉ ይቆለፋል። ወደ በሩ የቀረበ ወዮለት!” ስለ ምስጥ አላነሳም። ስለ ምሰሶም አላነሳም።

ገመቹ በአጥሩ ቀዳዳ አፉን አሾልኮ፣ “መተቱ ሠራ!” አለኝ። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

እኔ ግን ወደ ትምህርት አልተመለስኩም። እንደታዘዝኩት አባቴን ይዤ መጥቼ ነበር። አቶ ክፍሌ አባቴን ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠውና ልጅዎ ለዚህ ዓመት ተባሯል አለው፤ ሲናገር እኔን አያየኝም። እኔን መመለስ ማለት ቅጠሉ ስለ ምሰሶው ነበር ብሎ በሰው ፊት ማመን ነው። ልጆቹን አውጥቷል፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ግን አልቻለበትም።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ፣

“እውነት አንተ ነህ የጣልኸው?” አለኝ።

“አይደለሁም።”

“ታዲያ ምን አስለፈለፈህ?”

“ምሰሶው ባዶ ነው፣ አባ።”

“እንግዲህ እርሻው አለ” አለ አባቴ። ከዚያ ወዲያ ስለ ትምህርት አንስተን አናውቅም።

ፈተናው ዋርካው ሥር ተሰጠ። ገመቹ አልፎ ነቀምቴ ገባ፣ በኋላም የጤና ረዳት ሆኖ ብዙ አገር አገለገለ። ክፍሉ ሐምሌ ላይ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ በአንድ ዝናብ ወደቀ። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ቆርቆሮው ወንበሮቹን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኗቸው ተኝቷል።

ይህን ሁሉ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለስብሰባው ተናገርኩ። ረዘመብኝ መሰለኝ፤ አንዳንዱ ስልኩን ያይ ነበር። ኦቦ ታደሰ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ።

“ኦቦ ላቀው፣ ውሸት ከሆነስ?” አለኝ። “ቅጠል ተጥሎ መንገዱ ሰላም ቢሆንስ?”

“ሹፌሮችህ ምን ያደርጋሉ?”

“ቀስ ብለው ያልፋሉ።”

“አንተስ ቀስ ብለህ ብታልፍ ምን ይቀርብሃል?”

ሳቀ። ሆኖም አልተሸነፈም፤ ሰው በስሙ የተከሰሰበት ወረቀት እስኪጣራ ድረስ በአደባባይ እንዳይወራ ይወሰን አለ። እውነቱን ነው፣ እኔም እጄን አወጣሁለት። እኔ ደግሞ አንድ ነገር አስጨመርኩ። የእኛ ቅጠል አትግቡ አለ እንጂ ለምን እንደሆነ አልተናገረም፣ ትልቁ ሰው በፈለገው ተረጎመው። ስለዚህ ዲሬክተሯ ከሳጥኗ ያነበበችውን ነገር ምን እንዳደረገችበት፣ ያልገባትም ካለ አልገባኝም ብላ፣ በሰልፍ ላይ ትናገር። ልጁ ስሙን ሳያወጣ ዳግም ሊጽፍላት ይችላል። ተስማሙ። ስም አይጻፍ ተባለ።

ስንወጣ ያቺ “ሴት ከሆነችስ” ያለችው እናት ተከተለችኝ። “አባባ፣ መጨረሻውን አልነገሩንም እኮ። ቅጠሉን የጣለው ማን ነበር?”

“አላውቅም።”

“እስከ ዛሬ?”

እስከ ዛሬ አላውቅም። ገመቹ ከመሞቱ በፊት አንድ ቀን፣ “ልንገርህ?” ብሎኝ ያውቃል። ተወው አልኩት። እሱም ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ከኋላዬ ስታለቅስ የነበረችውም ልትሆን ትችላለች። ማንም ይሁን፣ ያ ልጅ የክፍሉን ተማሪዎች ካዳነ በኋላ ሰኔ ላይ ከሌሎቹ ጋር ዋርካው ሥር ተቀምጦ ፈተናውን ጻፈ፤ ማንም አልነካውም። ሰዎች የኔን ነገር ሲሰሙ ጎበዝ ነበርክ ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ግን ሲፈን እኔን እንድትሆን አልፈልግም። ያንን ልጅ እንድትሆን ነው የምፈልገው።